ከአጥንት የሚስብ ቀንድ

መካነ ሰላም ውስጥ አሕመድኑርን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ወገቡን አሞት አያውቅም። በገበያ ቀን ከከላላ በበቅሎ፣ ከማሻ በእግር መጥተው ደጁ ላይ የሚቀመጡትን ሰዎች ሳይ እቀና ነበር፤ መቼም አሁን ሽማግሌ ሆኛለሁና ብናገረው ሰው ምን ይለኛል። እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ጤና ረዳት ነኝ። እሱ በልጅነቱ ትንሽ ቁርአን ከመቅራቱ በቀር ትምህርት ቤት ደጅ ያልደረሰ፣ ስድስት ቀንድ፣ ምላጭና እፍኝ የማትሞላ ሰም ያለው ሰው ነው። ወረፋው ግን እሱ ዘንድ ይረዝም ነበር።

ሥራው ዋግምት ማገም ነው። የታመመውን ቦታ በእጁ አሽቶ የቀንዱን ሰፊ አፍ ቆዳው ላይ ይደፋዋል። በቀጭኑ ጫፍ ባለችው ቀዳዳ አየሩን በአፉ ይምገዋል። ጉንጩ ወደ ውስጥ እስኪገባ ምጎ ምጎ፣ አየሩ ሲያልቅ ቀዳዳዋን በሰም ይደፍናታል። ቆዳው ቀንዱ ውስጥ ያብጣል። ጥቂት ቆይቶ ቀንዱን ያነሳና ያበጠውን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ መልሶ ይደፋዋል። በመጨረሻ የሚወጣው ደም የረጋና የጠቆረ ነው። አሕመድኑር ያንን ለበሽተኛው ያሳየውና፣ «ይኸው፣ ከአጥንትህ ነው የመጣ» ይለዋል። የሱ ቀንድ ከአጥንት ይስባል ተብሎ በአገሩ ሁሉ የተወራው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቤታችን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ለአረፋ ልጆቼ እሱ ቤት ይውላሉ፤ ለፋሲካ እሱ ራሱ ባርኮ የሚያርደው በግ እገዛለት ነበር። ፍቅራችን ለሰው ምሳሌ ነበር፣ በቀንዱ ነገር ግን አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ቀንድ ከቆዳ አያልፍም» እለዋለሁ። «የምታወጣው ከጸጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ደም ነው። ቆዳ ሥር ያሉት። ሲረጋ ይጠቁራል፣ አለቀ።»

«አንተ በመርፌ ታስገባለህ፣ እኔ በቀንድ አወጣለሁ» ይለኛል። «የሚያስገባ ሰው የሚያወጣውን ቢያማ ምን ይገርማል!»

ከዚያ ይስቃል። ሳቁን ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ያስከትላታል፦ «ኢንሻአላህ አንድ ቀን አንተው ራስህ በሽተኛ ትልክልኛለህ።» እኔም «ያን ቀን ጢሜን በምላጭህ ትላጨኛለህ» እለዋለሁ። ቀልድ ነበር፤ ለኔ። ለሱ ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

የዚህ ሰው ሚስት ኡምኩልሱም ትባል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። ቀኑን ሙሉ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ የሷን ፈትል ወስዶ ባና ብርድ ልብስ የሚሠራው ሸማኔ ሌላ ሴት አምጡልኝ አይልም ነበር። ከመፍተሏ በፊት ጠጉሩ ላይ የተጣበቀውን ጨጎጎት አንድ በአንድ ትለቅማለች። ጨጎጎት የሚሉት ያ አጥር ሥር የሚበቅለው፣ ፍሬው እሾሃም ሆኖ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ የሚይዘው አረም ነው። የጣቶቿ ጫፍ በዚያ እሾህ ሻክሮ ነበር።

የባሏም ሥራ ያለ እሷ አይሆንም። ሴት በሽተኛ ስትመጣ አሕመድኑር ብቻውን አያግምም። ኩታውን የምትይዘው ኡምኩልሱም ናት፤ የሚታየው ቀንዱ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ እንዲሆን አድርጋ ታጥፈዋለች፣ ያመማትንም ቦታ በጣቷ ታሳየዋለች። ሴትዮዋን በጨዋታ ታዘናጋታለች፤ ምላጩ ሲያርፍ አብዛኞቹ ሳቅ ላይ ነበሩ።

እንግዲህ የስንቱን ገላ ያየች ሴት፣ የራሷን ለማሳየት አንድ ዓመት ፈጀባት። በ1997 ጥቅምት ላይ ጤና ጣቢያ መጥታ ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና፣ «ዓባይነህ፣ ወላሂ አፈርኩ፤ እዚህ ጋ ጠጠር ነገር አለ» አለችኝ፣ እጇን ግራ ጡቷ ላይ አድርጋ። ነክቼ አየሁት። ባቄላ አይደለም፣ ሎሚ ያህል ሆኗል። ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚልካትን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሕመድኑር የዚያን ጊዜ ቀንዱን አላነሳም። «ይህ የቀንድ ነገር አይደለም» ብሎ ራሱ ነው ያሳፈራት። እሱን ሲያማ የኖረ ሁሉ ይህን ይስማልኝ።

ደሴ ጡቷን ቆርጠው አወጡት። ናሙናው ካንሰር ነው ተባለ። ቁስሏ ድኖ ስትመለስ አሕመድኑር ሰደቃ አበላ፤ ክርስቲያን እስላም ሳይል መንደሩ ሁሉ ዱዓ አደረገላት። ሐኪሞቹ በየስድስት ወሩ ብቅ በሉ ብለው ነበር። ሁለት ጊዜ ሄደች። ለሦስተኛው መንገዱ ተበላሸ፤ አራተኛው አጨዳ ላይ ዋለ፤ ከዚያ ማንም አላስታወሰም። በአቀስታ አድርጎ ደሴ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን አቧራ መጠጣት ነው፣ ደኅና ነኝ የሚል ሰው ለምን ብሎ ይሄዳል። እኔም አላስታወስኳትም።

ሦስት ዓመት ያለ ምንም ሕመም አለፈ።

በሚሊኒየሙ ኅዳር ነው። ጠዋት ለግምገማ ወረዳ ተጠርተናል፤ ግምገማ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቃል፣ ማርፈድ ራሱ ነጥብ ነበር። ወረቀቴን ታቅፌ ከጤና ጣቢያው ስወጣ ኡምኩልሱም አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ወገቧን ይዛለች።

«ዓባይነህ፣ ወገቤ ገደለኝ። ስቀመጥም ስነሳም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወር አለፈው። ስፈትል ነው መሰለኝ።»

እኔም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ እንደምትፈትል አውቃለሁ። ሰዓቴን አየሁ። ከዚያም ሳቅሁ። እዚህ ላይ የሳቅሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«አንቺ ደግሞ! ቤትሽ ስድስት ቀንድ ተሰቅሎ እዚህ ምን ትሰለፊያለሽ? ከላላ ድረስ የተወራለት ሰው አይደለም ወይ ባልሽ? ሂጂ፣ ወገብሽን ስጪው። ይህ እንኳ የሱ ሥራ ነው።»

እሷም ሳቀች። «ይህን ቃልህን ብነግረው አያምነኝም!»

«ንገሪው! ፊርማዬን ልስጥሽ?»

አሥር ፍሬ ፓናዶል አስሰጠኋትና ወደ ግምገማዬ ሮጥኩ። ጡቷ ትዝ አላለኝም። ወረቀቱን በገዛ እጄ የጻፍኩት ሰውዬ፣ ጠጠሩን በገዛ ጣቴ የዳሰስኩት ሰውዬ፣ ትዝ አላለኝም። ጡት ሌላ፣ ወገብ ሌላ፤ በኔ ጭንቅላት ውስጥ የሚገናኙበት መንገድ አልነበራቸውም።

አሕመድኑር ከኅዳር እስከ ግንቦት አራት ጊዜ አገማት። ለሷ ኩታ የሚይዝላት ስላልነበረ፣ ኩታዋን ራሷ በጥርሷ ነክሳ ትይዘው ነበር አሉ። መጀመሪያ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ቀለል አላት። ሁለተኛው ለሳምንት። ከዚያ በኋላ ያለው ማረፍ አልነበረም፣ እንዳይከፋው ተሻለኝ ትለዋለች እንጂ። በዚያ ሰሞን አሕመድኑር በአጥር ላይ ሲያየኝ ፊቱ ያበራ ነበር። ሰላምታው ረዘመ፤ ትኩስ ወተት ላከልኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኩትም።

ሐምሌ ላይ ከምትፈትልበት ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ አላት። እዚያው ወደቀች፤ ከወገቧ በታች ደነዘዘ። ክረምት ነው፣ መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። በቃሬዛ ተሸክመን፣ በአይሱዙ ጭነን፣ ሁለት ቀን ፈጅቶብን ደሴ ደረስን። ፈቃድ ጠይቄ አብሬ ሄጄ ነበር። መንገድ ላይ በየጉድጓዱ መኪናው ሲዘል አሕመድኑር ከሥሯ ገብቶ በጭኑ ይቀበላት ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ጢሙ ገና አልጠነከረም፣ ንግግሩ ግን የተረጋጋ ነው። የራጅ ፊልሙን መስኮቱ ላይ አድርጎ አየው። የጀርባዋ አጥንት ሁለት ቦታ ላይ ነቀዝ እንደ በላው ሆኗል። ኡምኩልሱም እዚያው ክፍል ውስጥ ተንጋላ ትሰማለች። አሕመድኑር እግርጌዋ ቆሟል። እኔ በር አጠገብ ነኝ።

«ጡቷ በካንሰር መውጣቱን ታውቃላችሁ» አለ ሐኪሙ። «ወገቧን ሲያማት ለምን ወዲያው አላመጣችኋትም? በአካባቢው ያያት ባለሙያ የለም?»

አሕመድኑር ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ የጫማዬን ክር አየሁ።

«ያቆየኋት እኔ ነኝ» አለ አሕመድኑር። «ዋግምት ሳግማት ከረምኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኡምኩልሱም ዓይኗን ወደ ጣሪያው እንዳደረገች ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ከእግዜር በቀር ይህን ዝምታ የሚቀጣልኝ ዳኛ አላገኘሁም።

ሐኪሙ ለአሕመድኑር ወንበር ሰጠውና እንዲህ ብሎ አስረዳው። ጡት ውስጥ እብጠቱ ገና ተቆርጦ ሳይወጣ ከሱ የሚለዩ ሕዋሳት ነበሩ። ደም ውስጥ ይገባሉ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ፤ የደሙ ግፊት ይሰባብራቸዋል፣ የሰውነት ዘበኞች ይበሏቸዋል። ከብዙ ሺህ አንዱ ቢተርፍ ነው። ያ የተረፈው ሲዞር ሲዞር ከጸጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ጋ ይደርሳል። እዚያ ቀዩ የደም ሕዋስ እንኳ ተጣጥፎ፣ ተራ ጠብቆ ነው የሚያልፈው። የካንሰሩ ሕዋስ ደግሞ ከሱ ይተልቃል፣ ስለዚህ ይሰነቀራል። መሰንቀር ብቻም አይደለም፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍበት ነገር በራሱ ገላ ላይ አለው። ቁስል ሲደማ ደሙን የሚያረጉት ጥቃቅን ነገሮች ይመጡና ይከቡታል፤ እነሱ ሲከቡት ከዘበኞቹ ይሰወራል። ከዚያ የደም ሥሩን ግድግዳ የሠሩት ሕዋሳት የተገጣጠሙበትን ፈልቅቆ ይወጣል። ማዶው አጥንት ከሆነ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ዓመትም፣ ሦስት ዓመትም፣ አሥር ዓመትም ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ለምን እንደሚነቃ ገና በደንብ አልታወቀም።

አሕመድኑር አንዲት ቃል ሳያመልጠው ሰማ። ስለ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከዚያ ሐኪም በፊት ከኔ አፍ ሃያ ዓመት ሰምቷል፤ ነገር ግን የኔ ለማላገጥ ነበር።

«ዶክተር» አለ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀንድ ደም ይስባል። ያ ነገር ደሟ ውስጥ ሲዞር ከነበረ፣ ወገቧ ላይ ስደፋው ወደዚያ የሳብኩት እኔ ነኝ?»

ሐኪሙ ወደ እሱ ጎንበስ አለ።

«አይደለም አባቴ» አለ ሐኪሙ። «ሕመሙ ሳይሰማት በፊት አጥንቷ ውስጥ ነበረ። የርስዎ ቀንድ ከቆዳ አያልፍም። አጥንት ጋ አይደርስም።»

ምሕረት ብሎ የሰጠው ቃል ነው። እኔ ግን የአሕመድኑርን ፊት አየሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲያሳየው የኖረው ደም ከአጥንት የመጣ ካልነበረ፣ ዕድሜውን ሲያታልል ኖሯል። ከአጥንት የመጣ ከነበረ ደግሞ ሚስቱን በእጁ ገድሏል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። መረጠም፤ ሚስቱን መግደሉን አመነ። ሠላሳ ዓመት የሱን እጅ ይዘው ዱዓ ያደረጉለትን ሰዎች ሐሰት ከማድረግ ያ ቀለለው መሰለኝ።

በዚህ መሃል ኡምኩልሱም ከቃሬዛው ላይ ሆና፣ «ጨጎጎት ነዋ» አለች።

ሐኪሙ አልገባውም። እኛ ግን ገባን።

«የነገርከን ነገር ጨጎጎት ነው ልጄ። ስለቅመው የኖርኩት። ከአጥር ሥር በጉን ይይዛል፣ በጉ ተሸክሞት ሌላ አገር ይሄዳል፣ የጣለው ቦታ ይበቅላል።» ከዚያ ራሷን ወደ ባሏ አዞረች። «አንተ ሰው፣ ጨጎጎት በጉ ላይ የሚጣበቀው በግ ስለጠራው ነው እንዴ? አብሽር፣ አይዞህ። የሳበው የለም፤ ራሱ ነው የተጣበቀ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። አሕመድኑር አላለቀሰም። እግሯን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ እሷ ግን መያዙን እንኳ የምታውቅበት እግር አልነበራትም።

ለጨረር አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት፤ ወረፋው ወራት ነው፣ መንገዱንም አትችለውም ተባለ። የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶን ወደ ቤታችን ተመለስን። በየጠዋቱ መርፌዋን የምወጋት እኔ ነበርኩ። ከጅዳ የተመለሰችው ልጃቸው ፈርሂያ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች። ፈርሂያ ስትመጣ ለአባቷ አዲስ ነገር ይዛለት ነበር፤ ዓረብ አገር ዋግምትን ሂጃማ ብለው የሚያደርጉበትን፣ አየሩ በእጅ የሚሳብ የፕላስቲክ ኩባያ። እሱ አንድም ቀን ሳይነካው ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ቀንዶቹም ግድግዳው ላይ አቧራ ይዘዋል። የሚመጣ አልነበረማ። ከተማው «ሚስቱን በቀንዱ ገደላት» ብሎ ፈርዶበት ነበር። አንዲት ሴትዮ ይህንኑ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ መርፌ ስወጋት ነገረችኝ። እኔ ምን አልኩ? እንደ መስማማት ራሴን ነቀነቅኩ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ኡምኩልሱም ትንፋሽ አጠራት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ ጥሪልኝ ብላ ፈርሂያን ላከቻት። ለምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ሊሄድ የተነሳ ሰው የበደለው እንዳይኖር ጎረቤቱን አውፍታ ይጠይቃል፣ ይቅርታ ማለት ነው፤ የተጠየቀውም አውፍ ብያለሁ ይላል። የአገሩ ደንብ ነው፣ እኛም ክርስቲያኖቹ እንደዚያው እናደርጋለን።

አንድ በአንድ ጠራችን። ለአንዷ «በአጥር ተጣልተን ነበር፣ አውፍ በይኝ»፣ ለሌላዋ «ስምሽን አንስቼ ነበር፣ አውፍ በይኝ» እያለች እኔ ጋ ደረሰች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው፤ ትንሽ ሳቅ አለበት።

«ዓባይነህ፣ በየጠዋቱ አደከምኩህ። አውፍ በለኝ።»

በሩን ከፍታልኝ ነበር። አንቺ ነሽ አውፍ ማለት ያለብሽ፣ ወደ ቀንዱ የላክሁሽ እኔ ነኝ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር፣ አሕመድኑርንም ነፃ ማውጣት ነበረብኝ። ቤቱ ውስጥ ሃያ ያህል ሰው አለ። ግማሹ የኔ በሽተኛ ነው።

«አውፍ ብያለሁ» አልኳት።

አዎ፣ እኔ ይቅር አልኳት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

መጨረሻ ላይ ባሏን ጠራችው። እሱ ግን አውፍ ሊላት አልቻለም። «አንቺ በይኝ እንጂ» እያለ ግንባሩን ምድር ላይ ደፋ።

«እንግዲያው ቀንድህን አምጣ» አለችው።

ሰው ሁሉ ደነገጠ።

«ትከሻዬ ላይ ደረቁን ድፋልኝ፣ ምላጭ የለም። እጅህ እንዳልገደለኝ እነዚህ ሰዎች ይዩ።»

ፈርሂያ ተነስታ፣ «እማ፣ ይህኛው በእጅ ነው፣ አያደክመውም» እያለች የፕላስቲኩን ኩባያ ከካርቶኑ ልታወጣ ጀመረች። ኡምኩልሱም ራሷን ነቀነቀች፤ «በአፉ» አለች።

አሕመድኑር ትልቁን ቀንድ አወረደ፣ በነጠላው ጠረገው። ፈርሂያ እናቷ ለሌሎች ሴቶች ታደርግ እንደነበረው ኩታውን አጥፋ ያዘች። ቀንዱን ትከሻዋ ላይ ደፍቶ ጫፉን አፉ ውስጥ አስገባ። ሊምግ ሲል ግን ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ። ቀንዱ ወደቀ። እንደገና ደፋው፤ እንደገና ወደቀ። የሚያለቅስ ሰው አየር መማግ አይችልም፤ እኔ ይህን በትምህርትም በሥራም አልሰማሁትም፣ ያን ቀን አየሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ኡምኩልሱም ራሷ ቀንዱን በጣቷ ገፋችው።

«ተወው በቃ፤ እጅህን አሳርፍልኝ» አለች።

መዳፉን ትከሻዋ ላይ አሳረፈው። ሰው ተነስቶ እስኪወጣ እንደዚያው ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሞተች። መቃብሯን የቆፈሩት ግማሹ የኛ ዕድር ልጆች ነበሩ። ፈርሂያ ያልተፈተለውን ጠጉር በጆንያ ሞልታ ለማን እንደምትሰጠው ጨንቋት ሳምንት ሙሉ በር ላይ አስቀመጠችው።

አሕመድኑር ከዚያ በኋላ ቀንድ አልነካም። ዓመታት ሲያልፉ ሰው ረሳና እንደገና ይመጣ ጀመር፤ እሱ ግን ወደኔ ይልካቸዋል። ወገቤን የምትል ሴት ስትመጣማ፣ ያ ሴት ብቻዋን የማያናግር የነበረ ሰው፣ መሬት መሬት እያየ «እቴዋ፣ ጡትሽ ላይ ነገር ነበረብሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። የሰደቡት አሉ። አንዷ በነጠላዋ መታችው። እሱ ግን ከመጠየቅ አላቆመም።

በ2007 ጡረታ ወጣሁ። ሥራ የፈታ ሰው ከራሱ ጋር ብቻውን ይቀራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሩ ላይ ተደግፎ አገኘሁትና እንደ ምንም ብዬ ጀመርኩ።

«አሕመድኑር፣ ኡምኩልሱም ወገቧን ሲያማት መጀመሪያ የመጣችው እኔ ዘንድ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ወደ ቀንዱ የላክኋት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ዕለቱኑ ነገረችኝ።»

የአጥሩን እንጨት ያዝኩ። «ታዲያ ደሴ ላይ ምነው ሐኪሙ ሲጠይቅህ ስሜን አላነሳህም? ሰው ሁሉ ገዳይ ሲልህ ምነው?»

«ምን ብዬ?» አለ። «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፣ ልጆችህ ገና ትንንሾች ነበሩ። እሷም አታንሳው አለችኝ።»

«አውፍ በለኝ።»

«አውፍ ካልኩህ ቆየሁ።»

የጠጉር መለቀሚያዋ ቦታ ሳር አብቅሎ ነበር፤ ወደዚያ ያይ ነበር።

«እኔ ግን አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለኝ። «ያን ቀን በር ላይ ሆና እየሳቀች፣ ‹አብሽር፣ ዛሬ ዓባይነህ በሽተኛ ላከልህ› አለችኝ። ሃያ ዓመት ከአፍህ የጠበቅኳት ቃል ነበረች። ወላሂ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቀንዱን ሳጥብ መንዙማ እል ነበር። ያ የጡቷ ነገር አንድ ጊዜ ሽው ብሎብኝ ነበር፤ ‹ደሴ ላሳያት ይሆን?› ብዬ ነበር። ‹ዓባይነህ ካለ እሱ ያውቃል› ብዬ ተውኩት።»

ይህን ብሎኝ ለዐስር ሰላት ውዱእ ሊያደርግ ወደ ቤቱ ገባ።